የአማቴ ተረከዝ

ሰኞ

ይህ ደብተር የልጄ የሒሳብ ደብተር ነበር። ሦስት ገጽ ጻፈችበትና "ሽፋኑ አስጠላኝ" ብላ ጣለችው። እኔ ደግሞ የሚጣል ነገር አይቼ አላልፍም። ስለዚህ ከክፍልፋይ ቁጥሮች ቀጥሎ የኔ ጉድ ይጻፍበታል።

ጉዱ እንዲህ ነው። ዛሬ ጠዋት ሜትሮኗ፣ የነርሶች ሁሉ ኃላፊ፣ ቢሯቸው ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ የሦስት በሽተኞች ካርድ ተደርድሯል። ሦስቱም ላይ የፎቁ ዋርድ ኃላፊ በቀይ እስክሪብቶ "ከታች የመጣ የመኝታ ቁስል" ብላ ጽፋለች። ከታች ማለት እኛ ነን፣ ድንገተኛ ክፍል። በዚህ ክረምት የፎቁ ጣሪያ አፍስሶ ግማሹ ዋርድ ስለተዘጋ፣ አልጋ የሚጠብቅ በሽተኛ ሁሉ እኛ ኮሪደር ላይ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንታት ስትሬቸር ላይ ይተኛል።

"ቁስሉ የነሱ ነው!" አልኩ። ጦሴ አፌ ነው። "እኛ ጋ ሰው ይታከማል እንጂ አይቆስልም።"

ሜትሮኗ መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸው መነጽር ሲያወልቁ ሥራ ይመጣል።

"እንግዲያው አንቺው አረጋግጪልኝ" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ ከአልጋ የማይነሳ በሽተኛ ሁሉ ሲገባም ሲወጣም ቆዳው ይታይ። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።"

ስወጣ አንድ ባዶ ስትሬቸር አገኘሁና ፍራሹን በጡጫዬ ተጫንኩት። ጡጫዬ ብረቱን ነካ። አራት ጣት የማትሞላ ፍራሽ ናት። ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ

አሥራ አንድ ሰው አየሁ። ጀርባ፣ ዳሌ፣ ክርን፣ ተረከዝ። ስድስቱን ከገቡ ጀምሮ ማንም አላገላበጣቸውም። ሁለቱ መቀመጫቸው ላይ ቀልተዋል። ወገቡ የተሰበረውን የአውቶብስ ሹፌር ጎኑን ገልጬ ሳየው "ሲስተር፣ በሃያ ዓመት ትዳር ሚስቴ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቃ አይታኝ አታውቅም" አለ። ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። በያዘችው ጃንጥላ መታ አደረገችው።

ስለዚህ ቁስሉ የፎቆቹ ብቻ አይደለም። ለሜትሮኗ ነገ እነግራቸዋለሁ።

ረቡዕ

አልነገርኳቸውም። ነገ።

ሐሙስ

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የማገላበጫ ወረቀት አዘጋጀሁ። ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ፣ እግርጌው ላይ የሚሰቀል። ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት እያለ ይሄዳል፤ ከጎኑ ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ። ያገላበጠ ሰው ሳጥኗ ውስጥ ራይት ያደርጋል። መስመሮቹን ሁሉ ያሰመርኩት በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው። በክፍላችን አረንጓዴ የምይዝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሰማያዊ ከያዝኩ መብረቅ ትወስድብኛለች። መብረቅ ከሁላችን ታናሿ ነርስ ናት። ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን፤ መጣች ሲሏት ሄዳለች።

ዓርብ

ዛሬ ሥልጠና ሰጠሁ። የሥልጠና አዳራሽ የለንም፣ የሥልጠና ሰዓትም የለንም። ተራ ሲቀያየር አሥር ደቂቃ ለምኜ ሁሉንም ኮሪደር ላይ ሰበሰብኳቸው። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ገና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ መብረቅ ስታዛጋ አየኋትና ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

"ከመሃላችሁ ጉልበተኛው ማነው?" አልኩ።

ሁሉም ወደ ጉልቤ ዞሩ። ጉልቤ በሽተኛ ተሸካሚያችን ነው። አንገቱ የት ላይ አልቆ ትከሻው የት ላይ እንደሚጀምር እስካሁን የለየ ሰው የለም።

"ስትሬቸሩ ላይ ተኛ" አልኩት። "ግማሽ ሰዓት አትነቃነቅም። ጣትህንም ቢሆን።"

"ይኼማ እረፍት ነው እንጂ ሥራ ነው እንዴ!" ብሎ እየሳቀ ተጋደመ።

በአራተኛው ደቂቃ ሳቁ ቆመ። በስድስተኛው "ተረከዜ" አለ። በሰባተኛው "ሲስተር፣ እዚህ ፍራሽ ውስጥ ድንጋይ ከተውበታል" አለ። በዘጠነኛው ዘሎ ወረደና መቀመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ኮሪደሩን ዞረው። በሽተኞቹ ሳይቀሩ በሳቅ ፈረሱ።

"አንተስ ዘለህ ወረድክ" አልኩት። "እነዚህ ወዴት ይዝለሉ?"

ጉልቤ የተኛውን ሹፌር አየውና መብረቅን በዓይኑ ጠራት። አንሶላውን ወዲህና ወዲያ ይዘው፣ ሳይጎትቱ፣ ከፍ አድርገው አንስተው በጎኑ አደረጉት። ሲጎተት ቆዳ ይላጣል፤ ስለዚያ ገና አልተናገርኩም ነበር። ራሱ ነው ያወቀው።

እሑድ

አማቴ ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ደወል ደዋይ ነበሩ። ጡረታ ወጡ እንጂ ደወሉ ከሳቸው አልወጣም። በቤታችን የምንበላው፣ የምንታጠበው፣ ልጄ የምታጠናው በሳቸው ሰዓት ነው። ምሳ አምስት ደቂቃ ካለፈ ማንኪያ አንስተው የብርጭቆ ጠርዝ ይመታሉ።

ዛሬ አንሶላ ሳነጥፍ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ተጨማዷል።"

"እማማ፣ የራሴ አልጋ እኮ ነው።"

"ሆስፒታልም እንዲህ ነው የምታነጥፊላቸው?"

ልመልስላቸው ስል ምላሴን ነከስኩ። ዓርብ ዕለት መብረቅን የተቆጣኋት ስለዚሁ ነው፤ የተጨማደደ አንሶላ ላይ ቀኑን ሙሉ የተኛ ሰው መስመሩ ገላው ላይ ይቀረጽበታል ብዬ። እውነታቸውን ነው። ግን "እውነትዎን ነው" ከምላቸው እንደገና ባነጥፈው ይቀለኛል። እንደገና አነጠፍኩት። በበሩ ሲወጡ ፈገግ ብለው ነበር።

እወዳቸዋለሁ። ይህን ለማንም አልናገርም፣ በተለይ ለሳቸው።

ረቡዕ

ሚኒባስ ተገለበጠ። አሥራ ስምንት ሰው። ቁጭ አላልኩም። ጫማዬ ውሃ ገብቶበታል። የአሥር ሰዓቱ ማገላበጥ ለአራት ሰው አለፈ። ሳጥኖቹን ባዶ ተውናቸው። ባዶ ሳጥን ሲያዩት ያበሳጫል። ደክሞኛል።

ሐሙስ

አዲሱ ሥራ ከተጀመረ አሥር ቀን ሆነው። አንድም አዲስ ቁስል የለም። ሜትሮኗ የተሰበሰቡትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አይተው "ጎሽ" አሉ። ጎሽ ሲሉ ስሰማ በስድስት ዓመት ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ለጄኔሬተር ጠጋኙ ነበር።

ለባሌ ነገርኩት። ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። "አየሽ፣ እኔ ሰው እንዲቀመጥ እለፋለሁ፣ አንቺ እንዳይደላው ታስነሺዋለሽ" አለኝ። ትናንት ስለ ባዶዎቹ ሳጥኖች ሳማርር የሰሙት አማቴ ከወዲያ ሆነው "ባዶዎቹንስ ሳጥኖች ምን አሏቸው?" ብለው ጠየቁ። ምንም አላሏቸውም አልኩ። እውነቴን ነው፤ ባዶ ያለባቸውን ከታች አድርጌያቸው ነበር።

ዓርብ

አማቴ ወደቁ።

ደጃፉ ላይ፣ ዝናብ ያራሰው ደረጃ ላይ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከአምቡላንስ ያወረዳቸው ጉልቤ ነው። ድምፃቸውን ሳልሰማ በፊት ጫማቸውን አየሁት። የግራ ዳሌ። ራጁን አየሁት። ተሰብሯል።

በኋላ

አሁን ተረጋግቼ ልጽፍ። የአጥንት ሐኪሙ ሰኞ ቀዶ ሕክምና ያደርግላቸዋል። ወጣት ነው፣ ቃል አያባክንም።

"ብረት ነው የማስገባላቸው" አለ። "ገላቸው ላይ የቆሰለ ቦታ ካለ ጀርም ከዚያ ተነስቶ ብረቱ ላይ ይሰፍራል። ቆዳቸውን ሙሉ አድርጋችሁ ስጡኝ። ከተከፈተ አልሠራም፣ እስኪድን እንጠብቃለን።"

መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሳምንታት የጠበቁትን አይቻለሁ፤ መጀመሪያ ሳንባቸው ይደክማል። ሌላውን አልጽፍም።

ፎቅ አልጋ የለም። ከመድኃኒት ቁም ሣጥኑ አጠገብ ያለችው ስትሬቸር ላይ ናቸው። ወረቀታቸውን ራሴ ሰቀልኩ። አንሶላቸውን ሦስት ጊዜ አነጠፍኩ። ህመሙ እያንቀጠቀጣቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩትና "አሁን ተማርሽ" አሉኝ።

ቅዳሜ

የሲስተሯ አማት ስለሆኑ ነው እንዳይባል ቆርጫለሁ። ለሌላው የሚደረገው ይደረግላቸው፣ አይብለጥ፣ አይጉደል። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ስደለድል እሳቸውን ለመብረቅ ሰጠኋት።

ከመጋረጃው ጀርባ መብረቅ ለአንዷ ነርስ "የሲስተር አማት ናቸው፣ ስለሳቸው እሷ ታውቃለች" ስትል ሰማሁ። በአክብሮት ነው ያለችው። ደስ አለኝ።

በስድስት ሰዓት አልፌ ወረቀቱን አየሁ፤ ራይት አለ። በስምንት ሰዓት አለፍኩ፤ የስምንቷ ሳጥን ባዶ ናት። ግን መብረቅ ጥቂት ቀደም ብላ ከአጠገባቸው ስትወጣ አይቻታለሁ፣ ብርጭቆ ይዛ ነበር። ራይቱን ረስታው ነው ብዬ እኔው አደረግኩላት። ባዶ ሳጥን አልወድም። በአሥር ሰዓትም አለ፣ በአሥራ ሁለትም አለ። ወረቀቱ ሙሉ ነው።

እማማ ዛሬ ዝም አሉ። ማስታገሻው ይሆናል። "የሚያስቸግርዎ ነገር አለ?" ስላቸው "ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ።

ስወጣ እንደገና አየሁት። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ጥሩ ቀን ነበር። ሙሉ ነው።

እሑድ

የግራ ተረከዛቸው ቀልቷል። የሸሚዝ ቁልፍ ታህላለች። ባታቸው ሥር ያደረግኩት ትራስ ተንሸራትቶ ወድቋል። በጣቴ ተጫንኩት። ደህና ቆዳ ሲጫኑት ይነጣና ይመለሳል። ይሄ አልነጣም። እንደገና ተጫንኩ። አልነጣም።

ኮሪደሩን በአንድ እግሩ አቆምኩት። "ማነው ያገላበጣቸው? ወረቀቱ ሙሉ ነው! ማነው?"

የመብረቅ ዓይን እንባ ሞላ። "አንቺ ታገላብጫቸዋለሽ ብዬ እኮ ነው፣ ሲስተር። ያንቺን አማት ገላ እንዴት ብዬ ደፍሬ ልንካ? ስታልፊ ካየሁሽ በኋላ ነው ራይት ያደረግኩት።"

የሌሊት ተረኞቹም ያው ናቸው። የሲስተር አማት እንቅልፍ ይዟቸዋል፣ አንቀስቅሳቸው ተባባሉ። እኔ እንዳላዳላ ለነሱ ተውኩ፣ እነሱ እንዳይደፍሩ ለኔ ተዉ። ከኮሪደሩ ሁሉ ያልተገላበጠ አንድ ሰው ቢኖር አማቴ ናቸው።

ጉልቤ ቅባት ይዞ ከተፍ አለ። "ልሸው፣ ደሙ ይንቀሳቀስለት።"

"እጅህን እንዳታስጠጋ!" አልኩት። "የቀላ ቦታ አይታሽም። ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይብስ ታደቀዋለህ።" ምስኪን፣ ቅባቱን ይዞ እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ተጠጋ።

አማቴ ይህን ሁሉ ጩኸት ተኝተው ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ወረቀቴ በደንብ ታክሟል። እስቲ አሁን ደግሞ እኔን አክሙኝ።"

ማታ

ሠራተኛውን ሁሉ ገሠጽኩ። ያላደረገውን አደረግኩ ብሎ ምልክት የሚያደርግ ሰው በሰው ሕይወት ይቀልዳል አልኩ። ጥሩ ተናገርኩ። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

የቅዳሜውን ወረቀት ቤት ይዤው መጥቻለሁ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። የመብረቅ ራይቶች ሰማያዊ ናቸው፣ የሌሊቶቹ ጥቁር። የስምንት ሰዓቷ አረንጓዴ ናት። ትንሽ ናት፤ ከሩቅ አትታይም።

ነገ ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ስለጮኽኩባት ማለቴ ነው።

ሰኞ

የአጥንት ሐኪሙ ተረከዛቸውን አየ። ተጫነ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ተጫነ። "እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ" አለ። "ከነጣ እሠራለሁ፣ ከተላጠ አልሠራም።" ሄደ። ስትሬቸሯ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ተነሺ፣ እግሬ ላይ ነሽ" አሉ አማቴ። አልነበርኩም። ከዚያ "በየስንት ሰዓቱ ነው የምታገላብጡት?" አሉ።

"በየሁለት ሰዓቱ።"

"ማነው የሚደውለው?"

"ማንም አይደውልም፣ እማማ። ወረቀት አለ።"

"ስምንት መቶ ልጅ ከሜዳ ወደ ክፍል ያስገባሁት በወረቀት መሰለሽ? ማንኪያ አምጪልኝ።"

አመጣሁላቸው። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን የስትሬቸራቸውን ብረት ቃ! ቃ! ቃ! አደረጉት። ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ባነነ። "ሰዓት ደርሷል!" አሉ። "ተሸካሚው ወዲህ! ያቺ ፈጣኗ ልጅ ወዲህ! ከኔ ጀምሩና ወደ በሩ ሂዱ!" መብረቅ ሮጣ መጣች። ጥሩ እግራቸው በኩል በትንሹ ዘንበል አደረግናቸው፣ በእግሮቻቸው መሃል ትራስ ገባ። ሹፌሩ "እኔስ? እኔስ?" እያለ ተራውን ጠበቀ። በሃያ ደቂቃ ዘጠኝ ሰው ተገላበጠ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ሜትሮኗ የቅዳሜውን ወረቀት ጠየቁኝ። "ፈልጌ አመጣዋለሁ" አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ማክሰኞ

ባሌ ለእናቱ የእግር መደገፊያ ስፖንጅ ሠርቶ መጣ። ቀይ ከፈይ ለብሷል፣ ዙሪያው ተጠልፏል፣ መሃሉ ላይ ሦስት የወርቅ ቀለም ያላቸው ቁልፎች አሉት።

"ምንድነው ይሄ?"

"የእናቴ ነው። ተራ ነገር አልሠራም።"

"ቁልፎቹ ራሳቸው ያቆስሏቸዋል እኮ!" መቀስ አንስቼ በየተራ ቆረጥኳቸው። እያንዳንዷ ስትወድቅ ፊቱን ያጨማድዳል። ከፈዩንም ገፈን በሚታጠብ ላስቲክ ሸፈንነው። ባታቸው ስፖንጁ ላይ አረፈ፣ ተረከዛቸው አየር ላይ ቀረ። ከሥሩ ወረቀት አሳለፍኩ። ሳይነካው አለፈ። "በሕይወቴ የሠራሁት አስቀያሚው ዕቃ ነው" አለ ባሌ። ከዚያ እንደዚሁ ያሉ ስምንት ይዞ እንዲመጣ አዘዝኩት።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሌላውን ላለመጻፍ ነው። ልጻፈው።

በስምንት ሰዓት ሜትሮኗ ለመብረቅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይዘው ወጡ። የሐሰት ምልክት አድርጋለች ይላል። ልጅቷ ደብዳቤውን ቆማ አነበበችው። አጠፈችውና የማንኪያው ድምፅ ስለተሰማ በሽተኛ ልታገላብጥ ሄደች።

ቦርሳዬን ከፈትኩና ወረቀቱን ለሜትሮኗ ሰጠኋቸው። "ይቺ አረንጓዴዋ የኔ ናት" አልኩ። "አላገላበጥኳቸውም። አልጠየቅኳቸውም። ወረቀቱ እንዲሞላ ፈልጌ ነው።" ሁሉም ሰሙ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ጉልቤ ጣሪያውን አየ።

ሜትሮኗ መነጽራቸውን አወለቁ። መብረቅን ጠርተው ደብዳቤውን ተቀበሏትና ለሁለት ቀደዱት። "ሁለት ደብዳቤ መጻፍ ይደክመኛል" አሉ። "ደግሞ የሌሊት ተረኞቹን ከጨመርኩ ወረቀትም አይበቃኝም። ይልቅ ንገሩኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ራይቱን ማን ያድርገው?"

ማንኪያው አንድ ጊዜ ቃ! አለ።

"የተገላበጠው ሰው ነዋ!" አሉ አማቴ። "መገላበጡን ከሱ በላይ ማን ያውቃል?"

እንዲያው ሆነ። በየስትሬቸሩ እስክሪብቶ በገመድ አሰርን። መጻፍ ለማይችል አጠገቡ ያለው ዘመድ ያደርግለታል። አረንጓዴዋን እስክሪብቶዬን አማቴ ስትሬቸር ላይ አሰርኳት። መብረቅን በስተመጨረሻ በትክክል ይቅርታ ጠየቅኳት። አቀፈችኝና ስዞር ሄዳለች።

ኮሪደሩ ጸጥ ሲል አማቴ ጋ ሄጄ ቆምኩ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"አውቄ ነበር" አሉ። "ቅዳሜ ነቅቼ ነበር። ወረቀቷን ራይት አድርገሽ ስትሄጂ አየሁሽ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ? ምነው አልጠሩኝም?"

"በሥራ ቦታዋ አማቷ አዘዘቻት ይሉሻል ብዬ።" ማንኪያውን በአንሶላው ጠረጉት። "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለልጄም ነግሬው አላውቅ። አንድ ቀን ከሰዓት እንቅልፍ ወሰደኝና የመውጫው ደወል አለፈኝ። ሃያ ደቂቃ። ስነቃ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወንበር ላይ ወጥቼ የትምህርት ቤቱን ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት፣ ከዚያ ደወልኩ። ስምንት መቶ ልጅ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ቤቱ ገባ። ወላጅ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ የግድግዳው ሰዓት ግን ልክ ነበር።"

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፣ ዳሌያቸውን አመማቸውና "አታስቂኝ!" ብለው ተቆጡ። ደግሞ ሳቁ። እኔማ አለቀስኩ።

ረቡዕ

ነጣ!

በስድስት ሰዓት ተጫንኩት፣ ነጣ፣ ተመለሰ። ጮኽኩ። ሜትሮኗ እሳት የተነሳ መስሏቸው ከቢሮ ወጡ። ጉልቤ መጥቶ ተጫነ። መብረቅ ተጫነች። ሹፌሩ ሁሉ "ወደኔ አስጠጉልኝ፣ እኔም ልየው" አለ። "ተረከዜን በጣት አትጨርሱት!" አሉ አማቴ።

ሐሙስ

ሦስት ሰዓት ገቡ። ስድስት ሰዓት ወጡ። ደህና ናቸው። ሐኪሙ "ቆዳቸው ሙሉ ነበር" አለኝ፤ ይህ ለሱ ረጅም ንግግር ነው። ፎቅ አልጋ ተገኘ። ኃላፊዋ ከራስ እስከ እግር አየቻቸውና ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ከታች የመጣች፦ ምንም ቁስል የለም" ብላ ጻፈች። ደረጃውን ስወርድ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነበር፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ማንኪያዋ ኮሪደር ቀርታለች። አሁን የሚመታት ሹፌሩ ነው። ይቸኩላል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይመታታል። ማንም አልተቃወመውም።

እሑድ

አማቴ ቤት ከገቡ ሳምንታቸው ነው። መደገፊያ ይዘው ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ ሄደው ይመለሳሉ። ጠጋኞቹ የፎቁን ጣሪያ ጨረሱ፤ ዝናቡ ግን ገና ነው። ከድንገተኛ ክፍል በዚህ ወር ወደ ፎቅ የወጣ አንድም ቁስል የለም። ባዶ ሳጥኖች አሉ። ባዶ እንደሆኑ ተትተው ሜትሮኗ ጠረጴዛ ላይ ከላይ ይቀመጣሉ።

ዛሬ ደብተሩን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ልብስ ሳሰጣ ቆየሁ። ስመለስ ተከፍቶ አገኘሁት። የቅዳሜዋ ገጽ ናት፣ "ወረቀቱ ሙሉ ነው" ብዬ ደጋግሜ የጻፍኩባት። ከሥሯ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦

"አልነበረም። አሁን ግን ተረከዜ ደህና ነው። እኔም እወድሻለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።"